ጻራኖሮ (ማዳጋስካር) ክላይምቢንግ (አለት መውጣት) ለምትሄዱ፦ በምን ይኬዳል፣ የት ይታደራል፣ ምን ይያዛል

ሰላም ጓዶች፣ ሦስት ሆነን መስከረም ላይ ጻራኖሮ ልንሄድ ነው። የአዲስ አበባ አንታናናሪቮ ትኬት ቆርጠናል፣ ከዛ በኋላ ያለው ግን ግራ ገብቶናል። ላንድክሩዘር ኮንትራት እንያዝ ወይስ በባስ እንሂድ? ካምፕስ የቱ ይሻላል? የሄደ ሰው ካለ በናታችሁ ጠቁሙን።

—

ሁለቴ ሄጃለሁ፣ አንዴ ገንዘቤን ጨርሼ አንዴ ደግሞ ሰው ሆኜ፣ ስለዚህ የኔን ጣጣ አትድገሙት። ከአንታናናሪቮ እስከ አምባላቫኦ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው (ዋና ከተማዋን ሰዉ ሁሉ ታና ነው የሚላት፣ እኔ መጀመሪያ ቀን ባህር ዳር የደረስኩ እየመሰለኝ ነበር ሃሃ)። መንገዱ አር ኤን 7 ይባላል፣ አስፋልት ነው ግን ጉድጓዱን አትጠይቁኝ። ከአምባላቫኦ ትንሽ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ትታጠፉና 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ፒስታ ነው፣ አለቱ ስር የሚያደርሳችሁ እሱ ነው፣ የጉዞው ችግርም ያለው እዚችው መጨረሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ከታና ጀምሮ ባለ ፎር ዊል መኪና ከነሹፌሩ ኮንትራት ያዝኩ። ይመቻል፣ አልዋሽም፣ የፈለጋችሁበት ትቆማላችሁ፣ ሻንጣውም አይነካም። ግን አስቡት፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት ላይ ለፎር ዊል እየከፈላችሁ ነው የምትሄዱት፣ እናንተ ለአራት አምስት ቀን ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላችሁ ስትውሉ ደግሞ ሹፌሩ ካምፕ ተቀምጦ የቀን ሂሳቡን ይቆጥራል። የኔው ሹፌር ይባስ ብሎ ነዳጅ በውሉ ውስጥ አልነበረም ብሎ መንገድ ላይ አጨቃጨቀኝ፣ እና ውሉ ላይ ነዳጅ፣ የሹፌር አበልና የመመለሻው ነገር በጽሁፍ ይግባ፣ በቃል የተባለ ነገር እዛ ሲደረስ ይረሳል።

ሁለተኛው ጊዜ በታክሲ ብሩስ ሄድኩ፣ የነሱ ሚኒባስ ማለት ነው። እዚህ ጋ ልዩነት አለ። መናኸሪያ ሄዳችሁ ያገኛችሁት ላይ ከወጣችሁ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ፣ ትርፍ ይጫናል፣ ገመዳችሁ ፖርቶ መጋላ ላይ ከዶሮ ጋር ይታሰራል። ኮቲስ የሚባለው ድርጅት ግን ወንበር ቀድሞ ያስይዛል፣ ሰዓት ያከብራል፣ ታና ፊያናራንጾዋ ይሰራል (ሰዉ አሳጥሮ ፊያናር ነው የሚለው)፣ ለኔ ከሁሉም እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ስለዚህ የጠዋቱን ያዙ፣ የሌሊት ጉዞ አልመክርም፣ ዳሃሎ የሚባሉ ሽፍቶች ስላሉ በደቡቡ መንገድ መኪኖች ሌሊት ተሰብስበው በአጀብ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ፊያናር ታድራላችሁ፣ በማግስቱ 56 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ አምባላቫኦ፣ ከዛ የያዛችሁት ካምፕ መኪና ይልክላችኋል፣ ቀድማችሁ በኢሜል ካሳወቃችሁ ማለቴ ነው። ለሦስት ሰው በጣም ያዋጣል። በእግር እንግባ የሚሉም አሉ፣ ቦርሳችሁ ቀላል ከሆነ ደስ ይላል፣ ሁለት ገመድና ሙሉ የመውጫ ብረታ ብረት ተሸክሞ ግን እኔን አይመለከተኝም።

ካምፕ፦ ለክላይምቢንግ ከሆነ ካምፕ ካታ፣ አላቅማማም፣ አለቱ ስር ነው፣ አመሻሽ ላይ ስለ መውጫ መስመሮቹ የሚያወራ ሰው አታጡም። ጻራ ካምፕ ድንኳኑ አልጋ ያለው ምቹ ነው ግን ለጎብኚ ነው የሚሆነው፣ ከግድግዳውም ራቅ ይላል። ጻራሶዋ የሚባለው ካምፕ ደግሞ ፓራግላይዲንግ (በጃንጥላ መንሳፈፍ) ለሚወድ ሰው። ሌሙሮቹን የትም ብታድሩ ታዩዋቸዋላችሁ፣ ምግብ ግን ውጭ አታስቀምጡ።

ዕቃ ላይ ቀልድ የለም። እዛ ገመድ እናገኛለን ብላችሁ እንዳትሄዱ። ግድግዳው እስከ 800 ሜትር ይደርሳል፣ ስትወርዱ ራፔል (በገመድ ተንጠልጥሎ መውረድ) ስለሆነ 60 ሜትር ሁለት ገመድ ያስፈልጋል። ግራናይቱ ስንጥቁ ትንሽ ነው፣ ፊቱ ላይ ባለው ክሪስታል በእግር ጫፍ ነው የሚወጣው፣ ቦልት (ገመድ የሚያዝበት አለቱ ላይ የተተከለ ብረት) አለው ግን ብዙዎቹ መስመሮች ከታች ወደ ላይ እየተወጡ ስለተቦረቦሩ ቦልቱ ያለው መስመሩን የከፈተው ሰው መቆም የቻለበት ቦታ ነው፣ እና በመሃል ያለው ርቀት ያስፈራል። 1999 (እ.ኤ.አ.) ላይ አሜሪካዊቷ ክላይምበር ሊን ሂልና ሦስት ሴት ጓደኞቿ ብራቮ ሌ ፊይ የሚባለውን 600 ሜትር መስመር የከፈቱት እዚሁ ነው፣ እሱን እያያችሁ አትጀምሩ፣ መጀመሪያ አጫጭሮቹን ሞክሩና ርቀቱን ልመዱት። ሄልሜትና የግንባር ባትሪ ለያንዳንዱ ሰው። ሄሊኮፕተር መጥቶ ያወርደናል የሚል ሃሳብ ከጭንቅላታችሁ አውጡ።

—

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ በጣም ነው የጠቀምከን። የጋዝ ምድጃ ይዘን ብንሄድስ? ካርድ ይሰራል?

—

ምድጃውን ያዙ፣ የጋዙ ቆርቆሮ ግን አውሮፕላን ላይ አይገባም፣ እዛም ማግኘቱ የዕድል ነው፣ ካምፑ ውስጥ ብትበሉ ይሻላል። ካርዱን እርሱት፣ ካሽ ነው፣ ፊያናር ሳትደርሱ አውጡ። ትልቁ ኖት 20,000 አሪያሪ (የነሱ ገንዘብ) ስለሆነ ኪሳችሁ ጡብ ያክላል፣ አትደንግጡ። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም አትርሱ፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል። መስከረም ጥሩ መርጣችኋል፣ ዝናቡ ከታህሳስ እስከ መጋቢት ነው፣ ያኔ ያቺ ፒስታ ጭቃ ናት። እና መቃብር ካያችሁ በጣት አትጠቁሙ፣ ነውር ነው፣ እንዲህ ያለውን ክልክል ነገር ፋዲ ይሉታል።