የዱባይን ደመወዝ ከደብረ ማርቆስ ኑሮ ጋር እንዴት ላወዳድር?

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦
እንዴት ሰነበታችሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት። ዱባይ ያለ ድርጅት በወር 4,500 ድርሃም ሊቀጥረኝ ጠይቆኛል። አጎቴ ደግሞ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶልኛል፤ ሳይቆራረጥ 28,000 ብር ነው። እዚህ የምኖረው በቤተሰብ ግቢ ስለሆነ ኪራይ የለብኝም፤ ጤፉም ከአዋበል ከወላጆቼ ይመጣል። የከተሞችን የኑሮ ውድነት የሚያወዳድሩ ድረ ገጾችን ባይም ቁጥሩ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ድርሃሙን ወደ ብር ስመታው በጣም ብዙ ይሆናል። ያንን ልመን?

ዳሞት (ባሕር ዳር)፦
ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ ቁጥሮቹ ለማን እንደተሠሩ እይ። ኑምቤዮ የሚባለው የዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጽ ኒውዮርክን 100 አድርጎ ነው ሌላውን ከተማ የሚለካው። ዋናው የኑሮ ውድነት ቁጥሩ የቤት ኪራይን አይጨምርም፤ ኪራይ የገባበት ቁጥር ለብቻው አለ። ዋጋውን የሚሞሉት ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ስለዚህ በትንንሽ ከተሞች ላይ አትተማመንበት። የሚሞላውም የዳቦ፣ የሩዝ፣ የዶሮ ሥጋ፣ የፖም፣ የጂንስ ሱሪ፣ የሲኒማ ቤት ዋጋ ነው። ጤፍ የለ፣ ሽሮ የለ፣ የቡሬ በርበሬ የለ። በ2024 ሆንግ ኮንግን 1ኛ፣ ሲንጋፖርን 2ኛ፣ ዙሪክን 3ኛ ያደረገው፣ ሜርሰር የሚባለው አማካሪ ድርጅት የሚያወጣው የውድ ከተሞች ደረጃ ደግሞ ድርጅቶች ወደ ውጭ ለሚልኳቸው ሠራተኞች ክፍያ እንዲወስኑበት የተዘጋጀ ነው።

ምንዛሬውም ያሳስታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር ለሚቆጥር ሰው ከተሞቻችን ረከሱ፤ ማርቆስ ገበያ የወጣ ሰው ግን ሽንኩርቱን በርካሽ አልገዛም።

የሞጣ ልጅ (ዱባይ)፦
ድርሃሙን በሙሉ ወደ ብር አትምታው። እዚህ የምታወጣውን እዚሁ በድርሃም አስላ፤ ብር የሚሆነው የተረፈህ ብቻ ነው። የእኔ ወር ይህን ይመስላል፦ ዴይራ በሚባለው ሰፈር ከሌሎች ጋር በምጋራው ክፍል አንድ አልጋ 900፣ ራሴ እያበሰልኩ ምግብ 800፣ ከተማውን ሁሉ የሚያዳርስ የወር የኖል ካርድ (የአውቶቡስና የሜትሮ መሳፈሪያ) 350፣ ስልክ 150፣ ልዩ ልዩ 300። ድምሩ 2,500 ድርሃም ነው። እንጀራ በየቀኑ ከሐበሻ ሱቅ ልግዛ ካልክ ይጨምራል። ከደመወዝ የገቢ ግብር ስለማይቆረጥ በአንተ ክፍያ 2,000 ገደማ ይተርፍሃል።

ባለቤትህንና ልጅህን ይዘህ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቤተሰብ ለማምጣት ደመወዝህ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ከነመኖሪያው መሆን አለበት። አንተ ይህን ታሟላለህ፤ ግን የአልጋ ኪራይ ቀርቶ ቤት ልትከራይ ነው፣ የውጭ አገር ሰው ልጅም በአብዛኛው የሚማረው በግል ትምህርት ቤት ነው። በ4,500 እኔ አልመክርህም።

እቴነሽ (አዲስ አበባ)፦
የአዲስ አበባውን እኔ ላስላልህ። 28,000ው ሁሉ መሠረታዊ ደመወዝ ከሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ የገቢ ግብሩ 7,750 ብር ነው፤ ጡረታ 7 በመቶ 1,960። እጅህ የሚገባው 18,290 ብር ነው። ኪራይ ከዚህ ላይ ይወጣል። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ሕግ አለ፤ ውሉንም ወረዳ አስመዝግበው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ የማርቆሱን ኪራይና ጤፍ ዜሮ ብለህ አትለፍ። እዚያ ያለውን ቤት ብትከራየው፣ ከአዋበል የሚመጣውን ጤፍ ብትገዛው ስንት ነበር? ያንን አሁን ባለህ ደመወዝ ላይ ደምረው። ብዙ ሰው ከጎጃም ወጥቶ የሚቸገረው ይህን ሳይቆጥር ስለሚነሣ ነው።

ተማሪው (ጀርመን)፦
ለትምህርት ጀርመንን ለምታስቡ፦ መንግሥት ለተማሪ ቪዛ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) እንዲቀመጥ ከመስከረም 2024 ጀምሮ የሚጠይቀው በዓመት 11,904 ዩሮ፣ በወር 992 ነው። ከየትኛውም ድረ ገጽ ይልቅ ከዚህ ተነሡ።

የጮቄ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ተማክረን ባለቤቴና ልጄ ማርቆስ ይቆያሉ ብለናል። የዱባዩ ደብዳቤ 4,500ውን 2,000 መሠረታዊ፣ 2,500 አበል ብሎ ከፍሎታል። ለውጥ አለው?

የሞጣ ልጅ፦
በጣም አለው። ሥራ ስትለቅ የሚሰጥህ የአገልግሎት ክፍያ የሚታሰበው በመሠረታዊው ብቻ ነው፦ አንድ ዓመት ከሞላህ በኋላ፣ እስከ 5 ዓመት ድረስ ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን። በ2,000 ሲታሰብ በዓመት 1,400 ድርሃም ነው፤ በ4,500 ቢሆን 3,150 ነበር። መሠረታዊውን ከፍ እንዲያደርጉልህ ሳትፈርም ጠይቅ። የቪዛና የቅጥር ወጪም በሕግ የአሠሪው ነው፤ ክፈል ካሉህ እሺ አትበል።

ዳሞት፦
ከሚተርፍህ 2,000 ላይም ማርቆስ የሚቀሩትን የባለቤትህንና የልጅህን ወጪ ቀንስ። የአዲስ አበባው 18,290 ኪራይና ቀለብ ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው ጋር የሚወዳደረው ያ ነው።