ለጥንብ አንሳ የሚበጀው ሥጋ ማቅረብ ነው ወይስ የመብራት ምሰሶ መሸፈን?

ሄኖክ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጥንብ አንሳ ጥበቃ ትንሽ ገንዘብ ቢገኝ በምን ላይ ይዋል? ሁለት ሐሳብ እየሰማሁ ነው። አንዱ ከከተማ ወጣ ብሎ የተከለለ ማብያ ሠርቶ መርዝ የሌለበት ሥጋ ማቅረብ ነው። ሌላው ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ ባለው መስመር ወፎቹ የሚያርፉባቸውን የመብራት ምሰሶዎች መሸፈን ነው። ማስረጃ ያለው ይናገር።

የቄራው ልጅ፦ ማብያው ይሠራ! ያደግኩት ቄራ አጠገብ ነው። ድሮ ጣሪያው ሁሉ በጥንብ አንሳ ይጠቁር ነበር። ቄራው ሲታጠር፣ ተረፈ ምርቱም መቀበር ሲጀምር ወፉ ጠፋ። የራበው እንስሳ ምግብ ካገኘ ይኖራል፣ ይሄ ጥናት አይፈልግም።

ወይንሸት፦ እኔ ደግሞ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ወፉ የጠፋው ርቦት ነው? ተመርዞ ነው? ወይስ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው? ጣሪያውን ብቻ ስታየው ሦስቱም አንድ ናቸው። ያቺ ነጯ፣ ፊቷ ቢጫ የሆነው የግብፅ ጥንብ አንሳ አለች አይደል፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ እኛ ጋ የምትከርመው። ባልካን (ደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ) ውስጥ ለዓመታት ሥጋ ቀርቦላታል፣ ጎጆዋም በዘብ ተጠብቋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህ ድካም ምን እንዳመጣ ሲመረምር፣ ወፏ እየተመናመነች መሄዷን የሚገታ ያህል ውጤት አላገኘበትም። ልፋቱ እውነተኛ ነበር፣ ግን የሚገድላት ሌላ ነገር ከሆነ ሥጋው ምን ያደርግላታል?

ጋሽ አበራ፦ ልጆቼ፣ ጥናት ጥናት ስትሉ ወፉ ያልቃል። የሕንድን ታሪክ ታውቁታላችሁ? ከ1992 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አንደኛው ዝርያ 99.9 በመቶ አለቀ። እሳት ሲነድ ቆሞ መመራመር የለም።

የከብት ሐኪሙ፦ ጋሽ አበራ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ያነሱት ታሪክ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው የጠረጠረው ተላላፊ በሽታን ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ውስጥ የሞቱ ወፎች ሲመረመሩ ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ተገኘ። ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ ነው፣ እኛም ፋርማሲ ሄደን ለወገብ ሕመም የምንገዛው። የታመመ ላም መድኃኒቱን ይወጋል፣ ላሙ ይሞታል፣ ወፉ ይበላዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት እንዳይሰጥ አገዱ። ሜሎክሲካም የሚባል ወፍ የማይጎዳ ምትክ ቀረበ። እገዳው መሥራቱን ደግሞ በወሬ አላመኑም። የከብት በድን ጉበት እየወሰዱ መድኃኒቱ ምን ያህሉ ላይ እንዳለ መረመሩ፣ መቶኛው ወረደ። በዚያው መንገድ በመኪና እየሄዱ ወፉን በየጊዜው ቆጠሩ፣ ቁልቁል መውረዱ ረገብ አለ። እኔ ማስረጃ የምለው ይሄንን ነው። በግምት ተነስተው ማብያ ብቻ ቢያበዙ ኖሮ ወፉ ማብያው አጠገብ ያለውን የተመረዘ ላምም ይበላ ነበር።

ጋሽ አበራ፦ ይሄስ ልክ ነው። ግን እኛ ጋ ውሻና ጅብ ለመግደል መርዝ ይጣላል። እሱን ማነው የሚያስቆመው?

የከብት ሐኪሙ፦ ጥሩ ነጥብ ነው። ሄኖክ፣ ሦስተኛ ምርጫ አድርገህ ያዘው።

ሰለሞን ከባሕር ዳር፦ ማብያ የምትሉ ሰዎች ቦታውን አስቡበት። መስከረም 1981 ዓ.ም. እዚህ ከተማችን የተነሳ አውሮፕላን እርግቦች ሞተሩ ውስጥ ገብተውበት ወድቆ 35 ሰው ሞቷል። ጥንብ አንሳ ደግሞ ከእርግብ ስንት እጥፍ ይከብዳል። ኤርፖርት ያለበት ከተማ ዙሪያ ሥጋ ማከማቸት በፍጹም አይሆንም።

የቄራው ልጅ፦ እሺ፣ ማብያው ይቅር። ምሰሶውስ? ማስረጃው የታለ?

ወይንሸት፦ ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘረጋ የመብራት መስመር ነበር። ከ1982 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባሉት 28 ዓመታት ሰው ሄዶ ባየ ቁጥር ሥሩ የግብፅ ጥንብ አንሳ በድን ይገኝ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. መስመሩ ተቋረጠ። አገዳደሉ ግልጽ ነው። ወፏ ብረቱ አግዳሚ ላይ ታርፋለች፣ ሽቦው የታሰረበት፣ ከብረቱ የሚለየው ስኒ አጭር ነው፣ ክንፏን ስትዘረጋ ሽቦውን ትነካለች፣ አለቀ። ብረቱ ላይ ያለውን ሽቦ በፕላስቲክ ሽፋን ብትከልለው የኤሌክትሪኩ መንገድ ይዘጋል።

የቄራው ልጅ፦ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ወፏ በዛች ወይ?

ወይንሸት፦ የባልካኑ ቁጥር መውረዱ እንደቆመ የሚያሳይ ጥናት አለ። ነገር ግን ከአውሮፓ እስከ አፍሪካ ብዙ እርምጃ አንድ ላይ ስለተወሰደ የትኛው እንደሠራ ለይቶ መናገር ይከብዳል። ለዚህ ነው እኛ ስንጀምር ለይተን እንጀምር የምለው። ምሰሶዎቹን ለሁለት እንክፈል፣ ግማሹን እንሸፍን፣ ግማሹን እንተው፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት የሁለቱንም ሥር እንቁጠር።

ጋሽ አበራ፦ ይገድላል እያልሽኝ ግማሹን ክፍት ልትተዪ? ይሄ ኃጢአት ነው ልጄ።

ወይንሸት፦ ጋሽዬ፣ ገንዘቡ ለሁሉም የሚበቃ ቢሆን ሁሉንም እሸፍን ነበር። ግን አይበቃም፣ ግማሹ ለሚቀጥለው ዓመት ማደሩ አይቀርም። የዘንድሮው የትኛው ይሁን የሚለውን ለመንገድ ስለሚቀርብ ወይም ባለሥልጣን ስለሚያየው ከመምረጥ ዕጣ ይወስን ነው የምለው። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ለቀሪው ገንዘብ የምንጠይቅበት ማስረጃ ይኖረናል። ካልሆነም በከንቱ አንቀጥልም።

ጋሽ አበራ፦ እንደሱ ከሆነ እሺ።

የከብት ሐኪሙ፦ አንድ ነገር እንዳትረሱ። በድኑን ጅብና ውሻ ማታውኑ ይወስደዋል። ረፋድ ላይ ሄዳችሁ "ምንም የለም" ብትሉ ቆጠራው ይዋሻል። አስቀድማችሁ የሞቱ ዶሮዎች ሥሩ አስቀምጡና ስንቱ እስከ ንጋት እንደሚቆይ እዩ፣ ቁጥሩን በዚያ ታስተካክሉታላችሁ። የተሸፈነውንም ያልተሸፈነውንም በእኩል ሰዓት ቁጠሩ።

ሄኖክ (ጠያቂ)፦ አዋሽና ሚኤሶ አካባቢ የሚኖር፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መስመሩን በእግር መከተል የሚችል አለ? በውስጥ ይጻፍልኝ።