«ኦድ» ማለት «እንግዳ ነገር» ብቻ ነው እንዴ?

የሊድሷ፦ ሰላም ቤተሰብ። እንግሊዝ አገር ሊድስ ነኝ፤ ካፌ ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃዬ «ካን ዩ ወርክ ዚ ኦድ ሳተርደይ?» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ «ኦድ»ን የማውቀው «ያልተለመደ፣ ግራ የሚያጋባ» በሚለው ነው። ግራ የሚያጋባ ቅዳሜ ምን ዓይነት ነው? ነገ መልስ ትጠብቃለች። ልጅ ስላለኝ ቅዳሜ ሁሉ መሥራት አልችልም። እባካችሁ።

ሂሳብ ወዳድ፦ «ኦድ» ጎዶሎ ቁጥርም ነው፤ 1፣ 3፣ 5 እያለ የሚሄደው። ቅዳሜ በጎዶሎ ቀን ሲውል ማለቷ ይመስለኛል። ቅዳሜና ቅዳሜ በ7 ቀን ስለሚራራቁ፣ በወሩ ውስጥ አንዱን ሠርተሽ አንዱን ታርፊያለሽ ማለት ነው።

ለንደን የከረመ፦ ወንድሜ፣ ጎዶሎ ቁጥር ማለቱ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አይሠራም። እንግሊዞች «ዚ ኦድ» ብለው ነጠላ ስም ሲያስከትሉ «አልፎ አልፎ» ማለታቸው ነው። «አይ ሃቭ ዚ ኦድ ኮፊ» ቢሉሽ፣ ቡና የሚጠጡት አንዳንዴ ነው። የእኔ ስጋት እዚሁ ጋ ነው። አልፎ አልፎ የሚለው ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ ዝም ብለሽ እሺ አትበዪ። «ሃው ሜኒ ሳተርደይስ አ መንዝ?» (በወር ስንት ቅዳሜ?) ብለሽ ጠይቂያት። ምንም ነውር የለውም፤ እነሱም ይጠይቃሉ። ስንት ቀን ቀድማ እንደምትነግርሽም ጽፋ ትላክልሽ። ልጅ የሚይዝልሽ ሰው መፈለግ አለብሽ እኮ።

ሜሪላንድ፦ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ሲሉ ብዙም አይሰማም። «ኦድ ጆብስ» ግን የተለመደ ነው፤ ሣር ማጨድ፣ አጥር መቀባት፣ ዕቃ ማጓጓዝ፣ እዚህም እዚያም የሚለቃቀም ሥራ። ደግሞ «ሰርቲ-ኦድ ፒፕል» ካሉ ሠላሳ ምናምን ሰው ነው። ስትጽፉ ሰረዟን አትርሱ። ያለ ሰረዝ «ሠላሳ ግራ የሚያጋቡ ሰዎች» ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

የሊድሷ፦ እግዜር ይስጥልኝ! በወር ሁለት ቅዳሜ እችላለሁ ብዬ ልጽፍላት ነው። ለሰው ሲባልስ?

ለንደን የከረመ፦ ሰውን ፊት ለፊት «ዩ አር ኦድ» አትበዪ፤ ያስቀይማል። «ዊርድ» ደግሞ ይብሳል። ለነገር ሲሆን ግን ለስላሳ ነው። ማታ የካሸር ሂሳብ አልገጥም ቢልሽ «ዛትስ ኦድ» ብትዪ፣ ማንንም ሳትወነጅዪ «ይገርማል፣ አንድ ነገር ልክ አይደለም» አልሽ ማለት ነው።