ወንድሜ የፈረመበት ቃል ግማሹ የለም፣ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። የሕግ ሰው ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ነገሩ ፋታ አይሰጥም። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ አንድ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው። ዕቃ ጎደለ ተብሎ ታስሯል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቧል፣ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ጣጣው ቃሉ ላይ ነው። መርማሪው ማታ ብቻውን አስጠርቶ ጠየቀው፣ መልሱን ራሱ ጻፈና ፈርም አለው። ልጁ ያለው «አለቃዬ መኪናው ላይ ጫን ሲለኝ ሦስት ካርቶን ይዤ ወጣሁ» ነው። ችሎት ላይ ሲነበብ የሰማሁት ግን «ሦስት ካርቶን ይዤ ወጣሁ» ብቻ። አለቃው የት ገባ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ እንደማይሆን አንብቤያለሁ። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27ም ተጠርጣሪው መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ፖሊሱ ይንገረው ይላል። ማን ነግሮት! ግን አልተመታም፣ ክፉ ቃል እንኳ አልተናገሩትም፣ እንዲያውም ሻይ አዘውለታል። ታዲያ ይሄ ማስገደድ ይባላል?

አሁን ደግሞ «ዳኛ ፊት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 ድገመው፣ ዋስትናው ይቀልልሃል» እያሉት ነው። እውነት ነው ወይስ ማባበያ? እምቢ ቢል ይጎዳዋል? በሚቀጥለው ቀጠሮ ቃሉ መቆረጡን ራሱ ለዳኛው ተናግሮ ማስመዝገብ ይችላል ወይስ የግድ ጠበቃ ያስፈልጋል? ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ የለንም፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚገኝበት የምታውቁ ጠቁሙኝ።