ትንሿ ጣት አጭር ስትሆን መሰንቆ ያስቸግራል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ መሰንቆ በመማር ላይ ነኝ። የቀለበት ጣቴ ከሌባ ጣቴ ጎላ ብሎ የሚረዝም ሲሆን፣ ትንሿ ጣቴ ግን የቀለበት ጣቴን የላይኛውን አንጓ እንኳ አትደርስም፤ በዚህም ምክንያት በእርሷ የማወጣው ድምፅ ዘወትር ዝቅ ይልብኛል። ወደ ክራር ብዞር ይሻለኝ ይሆን?

መልስ (ከመንዝ)፦ ስለ ጣት ርዝመት ብለው መሰንቆን አይተዉ። ጭራው (የመሰንቆው አንድ አውታር) ከአንገቱ እንጨት ጋር ሳይገናኝ በጣት ንክኪ ብቻ ስለሚያዝ፣ ድምፁን የሚወስነው ጣትዎ ያረፈበት ነጥብ ነው። አውራ ጣትዎ አንገቱን አጥብቆ ይዞ ከሆነ ያላሉት፤ ትንሿ ጣት ስትፈለግ መላው እጅ በጥቂቱ ወደ ታች ይንሸራተት። ጭራው እያጠረ በሄደ ቁጥር በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለሚጠብብ፣ እጅዎን ወደ ድምፅ ሳጥኑ ቆዳ አስጠግተው ቅኝቱን ላላ ቢያደርጉም ይቀልዎታል።

መልስ (ከአንኮበር)፦ በክራር ጣቶች በየአውታሩ ስለሚደለደሉ መዘርጋት እምብዛም አያስቸግርም። በገናም ቢሆን 10 አውታር ይኑረው እንጂ፣ ብዙ ደርዳሪዎች የሚያሰሙት 6ቱን ነው፤ የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። ነገር ግን የመሰንቆን የድምፅ መንሸራተት ከክራር አያገኙትም። ደግሞም በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ የሚለማመዱ ከሆነ፣ እጅዎን ሳያሞቁ ትንሿን ጣት አይውቀሷት!

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። መምህሬ ግን እጅ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ያዝዛሉ።

መልስ (ከመንዝ)፦ ትእዛዙ ለጀማሪ ጆሮ ይጠቅማል፤ ሆኖም ጣትዎን አሳይተው ያማክሯቸው።