«ኃይሉ» ብዬ ስፈልግ «ሀይሉ»ን አያመጣልኝም፤ ፋይል በስም ቁራጭ እንዴት ይገኛል?

ጸሐፊዋ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፍርድ ቤት አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የሽያጭ ውል፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ሰው ያዘዘኝን ሁሉ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን አላጠፋም። አሁን ኮምፒውተሬ ላይ ብዙ ሺህ ፋይል አለ።

ችግሩ ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ከወረኢሉ ወይም ከተንታ በጠዋት ተነስቶ ይመጣና «ባለፈው ዓመት የጻፍሽልኝን ክስ አንድ ቅጂ አውጪልኝ» ይላል። ስሙን እጠይቃለሁ፣ ኃይሉ ይላል። «ኃይሉ» ብዬ ስፈልግ የለም። ፋይሉ ግን አለ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ሀይሉ» ብላ አስቀምጣዋለች፤ ከእሷ በፊት የነበረው ልጅ ደግሞ «ሐይሉ» ነበር የሚለው። ዓለሙና አለሙ፣ ሥላሴና ስላሴ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ስሙን በትክክል ጽፌም አይመጣም፤ ኋላ ፎልደር በፎልደር ስገባ «የኃይሉ ይግባኝ» ተብሎ አገኘዋለሁ።

ካላገኘሁት እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ሰውየው ደግሞ ይከፍላል፣ አውቶቡስም ያመልጠዋል። ይህ እንዲሆን አልፈልግም። የስሙን ቁራጭ ብቻ ጽፎ ሁሉንም ማውጣት የሚቻልበት መንገድ አለ? ዊንዶውስ 10 ነው የምጠቀመው።

የኔትወርክ ሠራተኛ

ሰላም እህቴ። እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያየ ችግር አለ። ነጣጥለሽ ካየሻቸው ሁለቱም ይፈታሉ።

መጀመሪያ «የኃይሉ»ን እንውሰድ። የዊንዶውስ መፈለጊያ በተለመደው አሠራሩ ቃልን የሚያነጻጽረው ከመነሻው ነው። «ኃይሉ» ስትዪው በ«ኃ» የሚጀምር ቃል ይፈልጋል። «የኃይሉ» ግን የሚጀምረው በ«የ» ነው፣ ስለዚህ ያልፈዋል። በእኛ ቋንቋ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ ሁሌም ከስሙ ፊት ስለሚለጠፉ ይህ ብዙ ፋይል ይደብቅብሻል። መድኃኒቱ ኮከብ ምልክት ነው። ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር ክፈቺና ከላይ በቀኝ ባለው መፈለጊያ ሳጥን *ኃይሉ* ብለሽ ጻፊ። ኮከብ ማለት «እዚህ ቦታ ምንም ይኑር ምን ግድ የለኝም» ማለት ነው። ከፊትም ከኋላም አድርጊው።

ሁለተኛው የፊደሉ ነገር ነው። ለእኛ ኃ፣ ሀ እና ሐ ድምፃቸው አንድ ነው። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም። የግዕዝ ፊደል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። እንዲህ መሆኑም ትክክል ነው፣ አለበለዚያ ሥርዓተ ጽሕፈቱ ይጠፋ ነበር። ለፈላጊ ግን ኃ እና ሀ የ«በ» እና የ«ተ»ን ያህል ይራራቃሉ።

ስለዚህ አሻሚውን ፊደል ጭራሽ አትጻፊው። *ይሉ* በይ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ የኃይሉ አንድ ላይ ይመጣሉ። ለሥላሴ *ላሴ* በቂ ነው። ለዓለሙ *ለሙ*። የማትፈልጊው ስምም ተደባልቆ ይመጣል፣ ነገር ግን ከብዙ ሺህ ፋይል ውስጥ ሃያ ሠላሳውን በዓይን ማየት ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። በላቲን ፊደል ሥሩን ጽፎ ማቆም ይቻላል፣ ፊደሉ አይለወጥም። በእኛ ግን «ኃይል» ብለሽ ካቆምሽ «ኃይሉ»ም «ኃይለ»ም አይመጡም፣ ምክንያቱም ል፣ ሉ እና ለ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቁራጩ ከሚለዋወጠው ፊደል በፊት ማለቅ አለበት።

ጸሐፊዋ ከደሴ

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ! *ላሴ* ብዬ አሁኑኑ ሞከርኩት፣ ስፈልገው የነበረ የውርስ ክስ ወጣ። ግን ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ፀሐይን ምን ላድርጋት? ፀ ይለዋወጣል፣ ሐ ይለዋወጣል፣ የሚቀረኝ ይ ብቻ ነው። ደግሞ ፍለጋው በጣም ይዘገያል። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ አረንጓዴው መስመር ሲንፏቀቅ ልቤ ይደክማል።

የኔትወርክ ሠራተኛ

ለሁለቱም አንድ መልስ አለኝ፦ ኤቭሪቲንግ የሚባል ነጻ ፕሮግራም። ሠሪው ቮይድቱልስ ነው፣ ከራሱ ድረ ገጽ አውርጂው። የፋይልና የፎልደር ስም ብቻ ነው የሚይዘው፣ ውስጣቸውን አያነብም፤ ለዚህም ነው እንደዚያ የሚፈጥነው። እየጻፍሽ ሳለ ዝርዝሩ ይጠባል። የቃል መሃል ላይም ስለሚፈልግ ኮከብ አያስፈልገውም። ክፍት ቦታ ደግሞ «እና» ማለት ነው፦ «ይሉ ግባኝ» ብትዪ ሁለቱም ቁራጮች ያሉበትን ያመጣል፣ የትኛውም ይቅደም። የልጅ ስም ቁራጭና የአባት ስም ቁራጭ አንድ ላይ ጻፊ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ፋይል ብቻ ይቀራል።

ለፀሐይ በመፈለጊያው ሜኑ ውስጥ ሬጄክስ የሚለውን አብሪና እንዲህ ጻፊ፦ [ፀጸ][ሐሀኃሃ]ይ። በቅንፍ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ ከተገኘ ይበቃዋል። ለኃይሉም [ኃሀሐሃ]ይሉ ማለት ትችያለሽ። ይህን ስታበሪ ክፍት ቦታ «እና» መሆኑን ያቆማል፣ ስለዚህ ስትጨርሺ አጥፊው። ለየዕለቱ ሥራ ያለ ሬጄክስ ይሻላል። እነዚህን ቅንፎች አንድ ጊዜ ጽፈሽ ኖትፓድ ላይ አስቀምጪ፣ ሲያስፈልግ ኮፒ ነው።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት

ልጄ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። እኛ ስም ብቻ አምነን ፋይል ፈልገን አናውቅም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የመዝገብ ቁጥር ነው የምንጠይቀው። ቁጥር ሀሌታውም ሐመሩም የለበትም። ባለጉዳዩ ቁጥሩን ባያስታውስ እንኳ መጥሪያውን ይዞ ይመጣል፣ እዚያ ላይ አለ። ፋይሉን ስታስቀምጪ ከስሙ ጎን ቁጥሩን ጨምሪበት።

ሌላው፣ ወ/ማርያም፣ ገ/እግዚአብሔር፣ ኃ/ሥላሴ የሚሉ ስሞችን ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ አይቀበልም። ያንን ዘንባላ መስመር (/) ይከለክላል። እኛ ጋ አንዱ በነጥብ፣ አንዱ በሰረዝ፣ አንዱ «ወልደ» ብሎ ዘርዝሮ ነበር የሚጽፈው። እነዚህን ስትፈልጊ የስሙን ኋለኛ ግማሽ ያዢ።

ጸሐፊዋ ከደሴ

አባቴ፣ የወ/ማርያምን ነገር በደንብ ነው ያወቁት፣ እኔም ጋ ሦስቱም ዓይነት አለ። የመዝገብ ቁጥሩን በተመለከተ ግን አንድ ችግር አለብኝ። አዲስ ክስ ስጽፍ መዝገቡ ገና አልተከፈተም፣ ቁጥር የለውም። መልስና ይግባኝ ላይ ነው ቁጥር ያለው። ለአዲስ ክስ የባለጉዳዩን ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ላደርግ አስቤያለሁ። ስልኩን ማንም አይረሳም።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት

ጥሩ አስበሻል። የጻፍሽበትን ወርም ጨምሪ። ገበሬው «ጥቅምት ላይ ነው የጻፍሽልኝ» ይልሻል፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳይሽ ግን በፈረንጅ ነው። ጥቅምት አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ነው። ፋይሎቹን በቀን ደርድረሽ እዚያ መሃል ፈልጊ።

ከሐዋሳ

እኔ ደግሞ የምለው፣ የድሮዎቹንም ስም ለምን አታስተካክይም? ፓወርቶይስ የሚባል የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ፓወርሪኔም አለ። ፋይሎቹን መርጠሽ «ሐይሉ»ን በ«ሀይሉ» ተካ ስትዪው አንድ ላይ ይቀይራል፣ ከመቀየሩ በፊትም ውጤቱን ያሳይሻል። ሁሉንም በ«ሀ»፣ በ«ሰ»፣ በ«አ» እና በ«ጸ» ብታደርጊያቸው ለዘለቄታው ትገላገያለሽ።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት

የሰው ስም እንዲህ በጅምላ ሲለወጥ ደስ አይለኝም። ኃይሉ በብዙኃኑ «ኃ» ነው የሚጻፈው። በክሱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በመታወቂያው ላይ ሌላ ከሆነ ባለጉዳዩ ይንገላታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጸሐፊዋ ከደሴ

ልክ ነዎት አባቴ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አልነካም። እሱን ሁሌም መታወቂያ አይቼ ነው የምጽፈው። የፋይሉ ስም ግን ለእኔ ለፈላጊዋ ብቻ ነው፣ ፍርድ ቤት አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ የምናስቀምጠውን በአንድ ፊደል እናደርጋለን፤ የፊደሎቹን ዝርዝር ለልጅቷ ጽፌ ስክሪኑ ጎን ለጥፌላታለሁ። የድሮዎቹን ግን ሌላ ዲስክ ላይ ሳልገለብጥ አልነካቸውም።

ኤቭሪቲንግን ጭኜዋለሁ፣ በእውነት ፈጣን ነው። ግን ፍላሽ ላይ ያሉትን ፋይሎች አያመጣም፣ ለምን ይሆን?

የኔትወርክ ሠራተኛ

በራሱ የሚይዘው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ዓይነት የተፎረመቱ ዲስኮችን ነው። ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት ነው። ቱልስ፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ኢንዴክስስ ውስጥ ገብተሽ ፎልደርስ በሚለው ስር ፍላሹን ጨምሪ። በኔትወርክ የተጋራውን የሁለተኛውን ኮምፒውተር ፎልደርም እዚያው ነው የምትጨምሪው። ልጅቷ በእሷ ኮምፒውተር ያስቀመጠችውንም ካንቺ ወንበር ሳትነሺ ታገኚዋለሽ።