በጀቱ አልበቃ አለ፤ ከአገር ውስጥ ወንጌላውያን እንቀንስ ወይስ ከውጪዎቹ?

ፀሐፊዋ፦

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ባለች አንዲት አጥቢያ የወንጌል ሥርጭት ክፍል ፀሐፊ ነኝ። ከሽማግሌዎች ጋር የገባንበት ክርክር አላልቅ ስላለ ልምድ ያለው ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው።

አራት ወንጌላውያን እንደግፋለን። ሁለቱ ደቡብ ኦሞ ናቸው፣ አንዱ ጋምቤላ፣ አንዱ ቤኒሻንጉል። ከእነሱ ሌላ አንድ ባልና ሚስት እስያ ውስጥ አሉን። አገሩን አልጠራም። ከሌሎች አጥቢያዎች ጋር ተካፍለን ነው የላክናቸው፤ የእኛ ድርሻ በወር 300 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። 17 ሺህ የነበረው ድርሻችን 30 ሺህን ዘለለ ማለት ነው። የምዕመኑ ደመወዝ ግን ያው ነው፣ አሥራቱም ያው ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንዱ ሽማግሌ «የውጪዎቹን ወደ አገር እንጥራ» አሉ። ሌላው «እጅ ጭነን፣ አልቅሰን ልከን? ምን ፊት ይዘን ነው የምንጠራቸው?» ብለው ተቆጡ። ሦስተኛው ደግሞ ቀስ ብለው «የአገር ውስጦቹን ለጊዜው ትንሽ ብንቀንስስ» አሉ። ብዙ ራስ የተነቀነቀው ለዚህኛው ነው። እኔን ያንገበገበኝም ይሄ ነው።

ደቡብ ኦሞ ያለው አንዱ ወንጌላዊያችን ሪፖርት የሚልከው በቴሌግራም ድምፅ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ይወጣል። ከድምፁ ጋር ንፋሱ ይሰማል፣ አንዳንዴም ፍየል። ባለፈው ወር ስለ አዳዲስ አማኞች ሲናገር ቆየና መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሞተሩ የኋላ ጎማ አልቋል፤ እናንተ ብቻ ጸልዩ» አለ። በቃ። የምንሰጠው 7,000 ብር ነው። ትልቋ ልጁ ጂንካ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ስለ ብሩ አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም።

የውጪዎቹ ዜና ሲመጣ ግን በስክሪን ይታያል፣ መዝሙር ይከፈትበታል፣ ሰው ያለቅሳል። የቃል ኪዳን ካርድ ሲታደል ሰው ሁሉ «ለውጪዎቹ» ብሎ ይሞላል። ጎማ ማንን ያስለቅሳል?

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ወንድም «እዚያ ዘመድ አለኝ፤ ዶላሩን እሱ ይስጣቸው፣ እናንተ ብሩን እዚህ ለቤተሰቡ ስጡ፤ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል» ብሎናል። ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው ወንጌላዊ፦

ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ። እኔ የወላይታ ሰው ነኝ። በ1929 ጣሊያን የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የሚባለውን የውጭ ሚሲዮን ሰዎች ከሶዶ ሲያስወጣ የተጠመቀው አማኝ ሃምሳ አይሞላም ነበር። 48 ነው የሚባለው። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነው ያገኙት። በመሃል ሥራውን የያዘው ገበሬው ነው። ከዚያም ያው ገበሬ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ወንጌላውያን ላከ። ሀብታም ስለነበረ አይደለም። ስለዚህ «አቅም የለንም» የሚሏችሁን ሽማግሌ ቀስ ብላችሁ ይህን ጠይቋቸው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። እኔን አንገት ያስደፋኝ የብሩ ማነስ አይደለም፣ መዘግየቱ ነው። የሦስት ወሩ አንድ ላይ ይመጣል፣ አንዳንዴም ይረሳል። ባለቤቴ ጨውና ጋዝ ከሱቅ በዱቤ ትወስዳለች። ባለሱቁ አማኝ አልነበረም። ባገኘኝ ቁጥር «ቤተክርስቲያንህ መቼ ነው የምትከፍልህ?» ይለኛል፣ ሰው ፊት። ለዚህ ሰው ስለሚመግብ አምላክ ምን ብዬ ልንገረው?

ቀን ቁረጡለት። ከዚያ ሄዳችሁ እዩት። ሆቴል አትደሩ፣ ቤቱ እደሩ። ጎማውን ግን ዛሬውኑ ላኩ። ለጎማ ስብሰባ አያስፈልግም።

ሒሳብ ሠራተኛ፦

የዚያን ወንድም ሐሳብ እርሱት። ሕገወጥ ሐዋላ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ኦዲት ሲመጣ ምን ደረሰኝ ልታቀርቡ ነው? በባንክ ላኩ። ወረቀቱ ያሰለቻል፣ ይሰልች።

እኔ ባለሁበት አጥቢያ ያደረግነው ሌላ ነው። ከእኛ ዘንድ አድገው ዳላስና ፍራንክፈርት የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። ዶላር የሚያገኘው ዶላሩን ይሸከም ተባለ። እነሱ ባሉበት አገር፣ በቤተክርስቲያናቸው በኩል ለሚሲዮናውያኑ በቀጥታ ይልካሉ። እኛ ብር የሚፈልገውን ያዝን፤ እዚህ የቀሩ እናታቸውን፣ ሲመለሱ የሚያርፉበትን ቤት፣ ሕክምናቸውን። ምንዛሪ ቢወጣ ቢወርድ በጀታችን አይናጋም።

ደግሞ ጡረታ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ ይከፍላል፣ አሠሪው 11 በመቶ። ለወንጌላውያናችሁ ምን አስባችኋል? ሃያ ዓመት አገልግሎ ባዶ እጁን የወጣ ሰው አይቻለሁ። የስንብቱ ቀን ጋቢ አለበሱት።

ከዱባይ፦

እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ አበሾች የዕረፍት ቀናችንን ጠብቀን እንሰበሰባለን። አዳራሹን ከሌላ አገር ሰዎች ጋር በሰዓት እየተፈራረቅን ነው የምንጠቀመው። ሙስሊም መስበክ በሕግ ክልክል ነው፤ እኛም የምንገናኘው እርስ በርሳችን ለመጽናናት ነው። ፓስፖርቷን የተቀማች አለች፣ ደመወዟ የቀረባት አለች። አንዷ ስትታመም አዋጥተን የምናሳፍራት እኛው ነን። እጅ የጫነብን ሰው ግን የለም፣ ሪፖርትም አንጽፍም። አገር ቤት ያሉ አጥቢያዎች የሚያስታውሱን ሕንጻ ሲጀምሩ ነው፤ ያኔ አካውንት ቁጥር ይላክልናል።

ብር አንፈልግም። የሚያስተምረን ሰው በዙም ስጡን፤ ሰዓቱ ግን ማዳም ከተኛች በኋላ ይሁን። ሌላው፣ እባካችሁ የእነዚያን ባልና ሚስት ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። አገሩን እዚህ አለመጥራትሽ ጥሩ ነው፤ ቤተክርስቲያን ውስጥ ግን ስክሪኑን በስልኩ የሚቀርጽ አይጠፋም።

የመንዲው ልጅ፦

መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በኩል ለውጭ ረጂዎች የጻፈችው ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ዋና ጸሐፊው ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ለልማት ገንዘብ አለ፣ ለወንጌል ግን የለም፤ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት ነበር ነገሩ። እኛ ዛሬ ገልብጠን ነው የያዝነው። ለስብከት እንሰጣለን፤ ወንጌላዊው ለመንደሩ ልጆች ጠመኔና ደብተር ሲጠይቅ «በበጀት አልተያዘም» እንላለን። በነገራችን ላይ፣ ከዱባይ የጻፍሽው እህቴ፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን ቀን ሙሉ ስትሠራ ለምትውል ሴት ሌላ «ተልእኮ» ብለን ሸክም እንዳንጨምርባት እፈራለሁ።

ከዱባይ፦

ሸክም አይደለም። የሳምንቱ ጥሩ ሰዓት እሱ ነው።

ፀሐፊዋ፦

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። አባቴ፣ ጎማው ተገዝቷል፤ በጂንካ አውቶብስ ተጭኗል። ከኪሳችን ነው ያዋጣነው፣ ቃለ ጉባኤም አልተያዘበትም።

ለእሁዱ ስብሰባ ይህን ይዤ እገባለሁ። የአገር ውስጦቹ አይነኩም፣ በየወሩ በ25 ይላክላቸዋል። ለውጪዎቹ፣ አሜሪካ ያሉትን ልጆቻችንን በስልክ እያነጋገርኩ ነው። ሁለቱ እሺ ብለዋል፣ አንዷ ባሏን ልትጠይቅ ነው። ሐዋላውን አልኩ እንጂ አልፈለኩትም፤ ያን ወንድም ግን እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኛል፣ ደግ ሰው ነው።

የዙሙን ነገር ለሴቶች ክፍል ነግሬያለሁ። እህቴ፣ በውስጥ መስመር ሰዓቱን ጻፊልኝ።

የቀረኝ ጡረታው ነው። አጥቢያ ውስጥ ለወንጌላውያን የጡረታ መዋጮ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ የሥራ ውሉን እንዴት እንደጻፋችሁት ላኩልኝ። የእኛዎቹ ውል የላቸውም፤ ያላቸው ለአገልግሎት የተቀቡበት ቀን ሰርተፊኬት ብቻ ነው።